ስለ ራዲዮ መቀበያ አመራረጥ፥ ጣቢያ ጥቂት በሆነበት በደጋ አገር

ይህ ትምህርት በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ ለሚገኙ የገጠር ትምህርት ቤት መምህራን፥ እንደዚሁም መጻሕፍት ለሚያነቡ የአገር ሽማግሎች የተጻፈ ነው። ነገሩም በማኅበር ገንዘብ ለትምህርት ቤት ራዲዮ ሲገዛ እንዴት ያለውን መምረጥ እንደሚገባ ለማስረዳት ነው። ለራዲዮ የሚወጣው ገንዘብ ለከተማ ነጋዴ ትንሽ ሊመስለው ይችላል፤ ዳሩ ግን በግ ሸጦ፥ ባና አሠርቶ፥ ገብሱን ገበያ አውጥቶ ላዋጣ ባላገር ትንሽ አይደለም። አንድ ጊዜ በስሕተት ከተገዛ በኋላም ሁለተኛ አዋጡ ብሎ ሕዝቡን መጠየቅ እጅግ ያሳፍራል።

ራዲዮ ለዘፈንና ለጨዋታ ብቻ ነው የሚል ሰው ቢኖር የ2012 ዓ.ም.ን ነገር ያስታውስ። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ስለ ኮሮና በሽታ ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርት በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዲሰጥ ሆኖ ነበር። ደኅና መቀበያ ባለበት ቤት ያለ ልጅ ትምህርቱን መስማት ቻለ፤ መቀበያ በሌለበት ወይም መቀበያው በሚያፏጭበት ቤት ያለ ልጅ ግን በግ እየጠበቀ ወራቱ አለፉበት።

አስቀድሜ የራሴን ስሕተት ልናገር፤ ሌላው ትምህርት ሁሉ ከዚያ የመጣ ነውና። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ገጠር ትምህርት ቤት ሽማግሎች ገንዘብ ሰብስበው «አንተ የተማርህ ነህ፥ ከተማውንም ታውቃለህ፥ ራዲዮ ገዝተህልን ና» ብለው ወደ አዲስ አበባ ላኩኝ። እኔም ሄጄ ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያ ያለው፥ ሲናገር መብራቱ ቀይና ሰማያዊ እየሆነ የሚብለጨለጭ ሣጥን አየሁና ልቤ ወደደው። ባለ ሱቁ ቁልፉን ቢጫነው 97.1 ወዲያው ተናገረ፤ ቀጥሎ 98.1፥ ቀጥሎም 102.1። ድምፁም ሱቁን አናወጠው። ዋጋውን ከፍዬ በመኪና ጣራ ላይ አስጭኜ መጣሁ። ሽማግሎቹ ተሰብስበው፥ ልጆቹም በመስኮት ተደርድረው ሳሉ ቁልፉን ብጫነው «ሽ» ከሚል ድምፅ በቀር አንዳች አልወጣም። ነፋስ በጓሳ ሣር መካከል ሲያልፍ የሚሰማውን የምታውቁ ሁሉ ያን ድምፅ ታውቁታላችሁ። አንድ አዛውንት በምርኩዛቸው ተደግፈው ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ልጄ፥ ጆሮውን ትተህ ጉሮሮውን ገዝተህ መጣህ» አሉኝ። እርሳቸው ስለ ራዲዮ የተማሩት ነገር አልነበረም፤ ነገር ግን ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሰውታል።

እንግዲህ በአዲስ አበባ የተናገረው መሣሪያ በጓሳ ለምን ዝም እንዳለ ለማወቅ የሞገድን ነገር ጥቂት መመርመር ያስፈልጋል።

የራዲዮ ጣቢያ ድምፁን በሞገድ ላይ ጭኖ ይልካል። ሞገዱም በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚርገበገብበት ቍጥር አለው፤ በመቀበያው መስተዋት ላይ 97.1 የሚል ሲታይ ሞገዱ በአንድ ሴኮንድ 97 ሚሊዮን ከ100 ሺህ ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ድምፅን በሞገድ ላይ የመጫን ሥራ በሁለት መንገድ ይሆናል። በፊተኛው መንገድ የሞገዱ ብርታት እንደ ድምፁ ከፍና ዝቅ ይላል፤ መካከለኛ ሞገድና አጭር ሞገድ በሚባሉት የሚናገሩ የቆዩት ጣቢያዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። በኋለኛው መንገድ ግን ብርታቱ ሳይለወጥ የመርገብገቡ ቍጥር ብቻ ጥቂት ይጨምራል፥ ጥቂት ይቀንሳል፤ ኤፍ ኤም የሚባለው ይህ ነው። ዜማ ለተማረ ሰው ይህን ለይቶ ማወቅ አይከብደውም። አንድ መሪጌታ ቃሉን በጩኸትና በለሆሳስ ሊያዜመው ይችላል፤ ደግሞም ጩኸቱን ሳይጨምርና ሳይቀንስ በቅናት ሊያወጣው፥ በድፋት ሊያወርደው ይችላል። የፊተኛው እንደ መካከለኛ ሞገድ፥ የኋለኛው እንደ ኤፍ ኤም ነው። መብረቅና የኤሌክትሪክ ብልጭታ ይልቁንም የሞገዱን ብርታት ስለሚያናውጡ በመካከለኛ ሞገድ የሚሰማው መንጫጫት በኤፍ ኤም ብዙ አይሰማም።

ይህን የኤፍ ኤም ጥበብ አሜሪካዊው ኤድዊን አርምስትሮንግ በ1928 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በሊቃውንት ፊት አሳየ። በዚያው ዓመት በአገራችን ከአቃቂ የተነሣው የራዲዮ ድምፅ ኢጣልያ እንደ ወረረችን ለዓለም ይናገር ነበር፤ እርሱ ግን በአጭር ሞገድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘመን ሕዝባችን የሚሰማው በመካከለኛና በአጭር ሞገድ ነበር። ከ1955 እስከ 1969 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተናገረው ራዲዮ ብሥራተ ወንጌል፥ በ1957 ዓ.ም. የአማርኛ ንግግር የጀመረው የጀርመን ድምፅ ሁሉ በአጭር ሞገድ ይሰሙ ነበር። ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 በ1992 ዓ.ም.፥ ሸገር 102.1 በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ይህን የማነሣበት ምክንያት አለኝ። ብዙ ሽማግሎች ደኅና ራዲዮ ማለት ሌሊት ሩቅ አገር የሚያሰማው የድሮው ባለ ሦስት ሞገድ ነው ብለው ያምናሉ፤ እውነትም በዘመኑ ደኅና ነበር። ነገር ግን አጭር ሞገድን በመሳብ የበረታ መሣሪያ ሁሉ ኤፍ ኤምን በመሳብ ይበረታል ማለት አይደለም፤ ሁለቱ ሥራዎች በሣጥኑ ውስጥ ለየብቻቸው የሚሠሩ ናቸውና።

ሞገድ በአንድ ሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ይህን ለመርገብገቡ ቍጥር ብናካፍል የአንዱ ሞገድ ርዝመት ይገኛል። በመካከለኛ ሞገድ በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገበው ርዝመቱ 300 ሜትር ነው፤ የኤፍ ኤም ሞገድ ግን ርዝመቱ ወደ 3 ሜትር ብቻ ነው። ረጅሙ ሞገድ ምድሩን ታክኮ ኮረብታውን እያለፈ ይሄዳል፥ ማታም ከላይኛው አየር ተመልሶ ወደ ሩቅ አገር ይወርዳል። የኤፍ ኤም ሞገድ ግን እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ ስለ ሆነ ተራራ ሲጋርደው ይደክማል ወይም ከነጭራሹ ይቀራል። በሜዳ አገር የሚደርስበትን ርቀት ለማግኘት የጣቢያው አንቴና ቁመት በሜትር ተለክቶ ካሬ ሥሩ ይወሰዳል፥ የአድማጩም አንቴና እንዲሁ፤ ሁለቱ ተደምረው በ4.1 ሲባዙ ኪሎ ሜትሩ ይወጣል። የጣቢያው አንቴና 100 ሜትር፥ የአድማጩ 25 ሜትር ቢሆን፥ 10ና 5 ሲደመሩ 15፥ በ4.1 ሲባዛ 61 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ይህን የሒሳብ መምህሩ ለከፍተኛው ክፍል ልጆች ቢሰጣቸው ደስ ይላቸዋል።

አገራችን ግን ሜዳ አይደለም። የጓሳ አምባ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ድረስ ከፍ ይላል፤ በምሥራቅ በኩል ገደሉ ወደ ቆላው ይወርዳል። ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ ወደ 265 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በካርታ ላይ በቀጥታ ሲለካ ደብረ ብርሃን ወደ ደቡብ ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር፥ ደሴ ወደ ሰሜን ወደ 90 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ፤ በሁለቱም ከተሞች የኤፍ ኤም ጣቢያ አለ። ከአምባው ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ሩቅ ስለሚያይ አንቴናውም ሩቅ ያያል፤ ከጋራው ሥር ወይም ከወንዙ አጠገብ የተሠራ መንደር ግን ከዚያው ከግማሽ ሰዓት መንገድ በማይበልጥ ርቀት ሳለ አንዳች ላይሰማ ይችላል። ስለዚህ «በመንዝ ኤፍ ኤም ይሰማል» ወይም «አይሰማም» የሚል ቃል ዋጋ የለውም። ጥያቄው በዚህ ግቢ፥ በዚህ ግድግዳ አጠገብ ምን ይሰማል የሚል ነው።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት የሚቀድመው ሥራ መፈለግ ነው። ብዙ ሰው በእጁ የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ኤፍ ኤም አለው፤ የጆሮ ማዳመጫው ሽቦ አንቴና ሆኖ ያገለግለዋል። መምህሩ ይህን ይዞ በትምህርት ቤቱ ግቢ፥ በቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብና በጉብታው ላይ እየዞረ ከ87.5 እስከ 108 ድረስ ይፈልግ፤ ያገኘውንም ቍጥር፥ ሰዓቱንና ስፍራውን ይጻፍ። አንድ ጊዜ ብቻ ፈልጎ አይፍረድ። በበጋ ማለዳ፥ በቆላው ላይ ጉም ተኝቶ አየሩ ጸጥ ባለ ጊዜ፥ ከሌላ ቀን የማይሰማ የሩቅ ጣቢያ እንደ ቅርብ ሆኖ ይመጣል፤ ፀሐይ ሞቅ ሲል ግን ይጠፋል። በእንዲህ ያለ ማለዳ የተፈተነ ራዲዮ ገዢውን ያታልለዋል። ጠዋት፥ ቀትርና ማታ በሦስት በአራት ቀን የተሰማው ብቻ በአገሩ የሚሰማ ጣቢያ ይባላል።

ፍለጋው ሲያልቅ ከሦስቱ አንዱ ይገኛል። አንዳች ኤፍ ኤም ካልተሰማ፥ በጉብታው ላይም ካልተሰማ፥ ለኤፍ ኤም ብሎ ገንዘብ ማውጣት ከንቱ ነው፤ መካከለኛና አጭር ሞገድ የሚስብ መቀበያ ይገዛ። ጣቢያዎቹ በደንብ ከተሰሙ ርካሹም መሣሪያ ይበቃል። ነገር ግን በብዙ የደጋ መንደር የሚሆነው መካከለኛው ነው፤ ይኸውም አንድ ወይም ሁለት ጣቢያ በደካማ ድምፅ፥ በሽሽታ ተሸፍኖ ይመጣል። የመሣሪያ አመራረጥ ጥቅሙ የሚታየው በዚህ ስፍራ ነው።

በአዲስ አበባ ጣቢያው ቅርብ ስለ ሆነ ሞገዱ በብርታት ይመጣል፤ መጥፎውም ደኅናውም መቀበያ እኩል ይናገራል። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ጆሮው እጅግ የሰላ መሣሪያ በከተማ ብዙ ብርቱ ጣቢያ በአንድነት ሲመታው ይደናገርና ከርካሹ የባሰ ይመስላል። ስለዚህ በከተማ ሱቅ ውስጥ የተደረገ ፈተና ለጓሳ ምንም አይመሰክርም። እኔ የተታለልሁት በባለ ሱቁ አይደለም፤ እርሱ ያለውን አሳየኝ፥ ያሳየኝም እውነት ነበር።

የመቀበያ ጆሮ በማይክሮቮልት ይለካል፤ ማይክሮቮልት የአንድ ቮልት ሚሊዮንኛ ክፍል ነው። ከመሣሪያው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ይህ ቍጥር ቢጻፍ ያነሰው ይሻላል፤ ትንሽ ድምፅ የሚበቃው ጆሮ የሰላ ነውና። ደኅና መቀበያ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮቮልት ይበቃዋል። በወረቀቱ ላይ ስለ ድምፅ ማጉያው ኃይል ብቻ በትልቅ ፊደል ተጽፎ ስለ ጆሮው አንዳች ካልተጻፈ ገዢው ይጠርጥር። ከዚህ ጋር መለየት የሚባል ሁለተኛ ችሎታ አለ። በደካማው ጣቢያ አጠገብ ብርቱ ጣቢያ ቢኖር መጥፎው መቀበያ ብርቱውን በላዩ ላይ ያፈስበታል። በቅኔ ቤት ሰባ ተማሪ በአንድነት ሲቀጽል የአንዱን ስሕተት ለይቶ የሚሰማ መምህር እንዳለ ሁሉ፥ ከጎረቤቱ የሚለይ መቀበያም አለ፤ በዋጋ የሚበልጠውም በዚህ ነው። ደግሞም ሁለት ጣቢያ በአንድ ቍጥር ከሰሜንና ከደቡብ ቢመጡ ኤፍ ኤም በጠባዩ ብርቱውን ይዞ ደካማውን ይጥላል፤ ደኅናው መቀበያ የብርታታቸው ልዩነት ጥቂት ቢሆንም ይመርጣል፥ መጥፎው ግን ሁለቱን ያቀላቅላል። ሞገዱ ከገደል ተመልሶ ዘግይቶ ሲደርስ የሚሰማው መሻከርም ከዚህ ዘመድ ነው። ይህን ግን ከመሣሪያው ይልቅ አንቴናን ማዞር ይፈውሰዋል።

ስለ ስቴሪዮ ብዙ መናገር አያስፈልግም። በስቴሪዮ ያለ ሽሽታ ለመስማት በአንድ ድምፅ ከሚሰማበት ወደ 10 እጥፍ የሚበልጥ ቮልት ያስፈልጋል፤ በደጋ ላይ ይህ አይገኝም። ስለዚህ ስቴሪዮውን የሚያጠፋ ቁልፍ ያለውን ግዙ። ብዙ ጊዜ ሽሽታ የሚመስለው ችግር በዚያች ቁልፍ ብቻ ይቀልላል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሰው የማይጠይቀው አንድ ነገር አለ፤ የመሣሪያው ቍጥር ከየት እስከ የት ይደርሳል የሚል ነው። ለጃፓን አገር የተሠራ ራዲዮ ኤፍ ኤሙ ከ76 እስከ 90፥ አዲሶቹም እስከ 95 ብቻ ይሄዳል። በአገራችን ከጃፓን የመጡ ያገለገሉ መኪኖች ብዙ ስለ ሆኑ ይህ ራዲዮ በብዛት ይገኛል፤ 97.1ም 98.1ም 102.1ም አይገኙበትም። ሻጮች ቍጥሩን የሚያወርድ ትንሽ መሣሪያ በአንቴናው ላይ ይቀጥሉበታል። ለከተማ ይበቃል፤ ለደካማ ሞገድ ግን ሽሽታ ይጨምራል። ለአሜሪካ የተሠራው ደግሞ በሁለት በሁለት ነጥብ እየዘለለ ጎዶሎውን ቍጥር ብቻ ይይዛል፤ 97.1ን ያገኛል፥ የአዲስ አበባውን ኢትዮ ኤፍ ኤም 107.8 ግን በ107.7ና በ107.9 መካከል ያልፈዋል። በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ራዲዮ ልላክ ሲል ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ አንዳንዱ መሣሪያ የአገሩን ልማድ የሚለውጥ ቁልፍ ስላለው እርሱን ይጠይቅ።

በውጭ አገር ያለ ድምፅ ማጉያ ጣቢያ መያዝ ብቻ የሚያውቅ፥ ቱነር የሚባል ሣጥን አለ። ጆሮው እጅግ መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ስለማይናገር ሌላ ማጉያ ይፈልጋል፥ ሁለቱም ከግድግዳ የሚመጣ መብራት ይሻሉ። መብራት ላለው ለከተማ ሰው ይሁን፤ መብራት ለሌለው ትምህርት ቤት አልመክረውም።

እኔ ከስሕተቴ በኋላ ያገኘሁት መንገድ ሌላ ነው። ያ ሣጥን ዝም ባለ በሦስተኛው ቀን አንድ የጭነት መኪና በትምህርት ቤቱ አጠገብ ቆሞ ሳለ ከውስጡ የደብረ ብርሃን ጣቢያ ሲናገር ሰማን። ሾፌሩን ብንጠይቀው ራዲዮው አሮጌ እንደ ሆነና መስተዋቱም እንደ ተሰነጠቀ ነገረን። ነገሩ አያስደንቅም። የመኪና ራዲዮ ከከተማ ወደ ከተማ ሲሄድ ደካማውንም ብርቱውንም እንዲይዝ ሆኖ ስለሚሠራ ጆሮው የሰላ ነው፤ የውጭ አንቴና መሰኪያ አለው፤ በ12 ቮልት ስለሚሠራም ለፀሐይ ኃይል ባትሪ ይስማማል። እንግዲህ ያን መብራታም ሣጥን በኪሳራ ሸጬ፥ የጎደለውን ከደመወዜ ሞልቼ፥ እስከ 108 የሚደርስ የመኪና ራዲዮ ገዛሁ። እንዲህ ያለው በአዲስ አበባ በሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ ከሚሸጡት ዘንድ ይፈለጋል። ብዙውን ጊዜ ከኋላው ሦስት ዋና ሽቦዎች ይወጣሉ። ጥቁሩ ከባትሪው ነጋቲቭ ጋር፥ ቢጫውና ቀዩ ሁለቱም ከፖዚቲቩ ጋር ይያያዛሉ፤ ቀዩ ሳይያያዝ ቢቀር ራዲዮው አይነሣም፥ ቢጫው ቢቀር የያዛቸውን ጣቢያዎች ይረሳል። በፖዚቲቩ መንገድ ፊውዝ ይግባ። በመጠነኛ ድምፅ በሰዓት አንድ አምፔር ያህል ይበላል ብንል፥ 40 አምፔር ሰዓት ያለው ባትሪ እስከ ግማሹ ብቻ ቢወጣ 20 ሰዓት ይናገራል። ባትሪ ከግማሹ በታች ሲደርቅ ዕድሜው ያጥራልና እስከ መጨረሻው አታድርቁት።

የመኪና ራዲዮ መግጠም የሚከብደው ግን የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለው፥ መካከለኛና አጭር ሞገድም የሚይዝ የእጅ ራዲዮ ይግዛ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ የሚመጣውን ሞገድ ብርታት በመስተዋቱ ላይ በቍጥር ያሳያሉ፤ ይህ ለመምህር እጅግ ይጠቅማል፥ አንቴናውን ሲያዞር ጆሮውን ሳይሆን ቍጥሩን ያምናልና። የነጋዴን ስም ማወደስ ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ስለማይገባ የማንንም ምልክት አልጠራም።

አሁን ስለ ዘፈንና ስለ ዜማ። የኤፍ ኤም ድምፅ በሴኮንድ እስከ 15,000 የሚርገበገበውን ያደርሳል፤ በመካከለኛ ሞገድ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ ከ5,000 አይበልጥም። የመሰንቆው የፈረስ ጭራ ሲፋቅ ያለው ሻካራነት፥ በዋሽንት ውስጥ የሚያልፈው ትንፋሽ፥ የጸናጽል ቀጭን ድምፅ ከዚያ በላይ ስለሚገኙ በመካከለኛ ሞገድ ይደበዝዛሉ። ልጆች የአገራቸውን ዜማ በመልካም እንዲሰሙ የሚወድ መምህር ኤፍ ኤምን ቢመኝ አይፈረድበትም። ነገር ግን አንድ ጣቢያ ብቻ በሚሰማበት መንደር፥ ያም ጣቢያ ቀኑን በንግግርና በዜና በሚያሳልፍበት፥ የመሣሪያ ዋጋ እጥፍ ማድረግ ዘፈን አያመጣም። ጣቢያው ያልተጫወተውን የትኛውም ጆሮ አይሰማውም። በእንዲህ ያለ ስፍራ የተቀዳ ዜማ ከትንሽ ሚሞሪ ላይ የሚያጫውት ቀዳዳ ያለውን መቀበያ መግዛትና የሚወደደውን ዜማ በከተማ አስቀድቶ ማምጣት ይሻላል። መቶ ጣቢያ የሚያስታውስ፥ ከሩቅ በእጅ የሚታዘዝ መሣሪያ ሁለት ጣቢያ ላለው መንደር ምን ያደርግለታል?

ሁለት መሣሪያ ለማወዳደር የሚቻል ቢሆን እንዲህ ይደረግ። ሁለቱም ወደ ትምህርት ቤቱ ይምጡ፤ ከሻጩም ጋር በሳምንት ውስጥ ለመመለስ ውል ይደረግ። በአንድ አንቴና፥ በአንድ ሰዓት፥ ከሚሰሙት ሁሉ ደካማው ጣቢያ ይፈተንባቸው። ጉሮሯቸው እንዳያታልል በድምፅ ማጉያ ሳይሆን በጆሮ ማዳመጫ ይሰሙ። ተናጋሪው ትንፋሽ ሲወስድ በመካከል ያለችውን ዝምታ አዳምጡ፤ ሽሽታው የሚታወቀው በዚያች ዝምታ ነው። ፍርዱንም አንድ ሰው ብቻውን አይፍረድ። አባቶቻችን በቀሮ ሥርዓት ጓሳን ዓመታት ዘግተው ሲከፍቱ በምክር ነበር እንጂ በአንድ ሰው ዓይን አልነበረም፤ እኔም ብቻዬን ባልላክ ኖሮ በቀይና በሰማያዊ መብራት ባልተሸነፍሁ ነበር።

የቀረው አንቴና ነው፤ በእኔ ግምት ከመሣሪያው ይልቅ የሚበልጥ ነው። የትምህርት ቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ከሆነ ሞገዱን ይከለክላል፥ ራዲዮው በውስጥ ሆኖ ዘንጉን ቢመዝዝም ብዙ አያገኝም። በጓሳ ሣር የተከደነ ቤት ግን ሞገድን ያሳልፋል፤ ስለዚህ አንዳንድ ጊዜ በመምህሩ ጎጆ የሚናገር ራዲዮ በክፍሉ ውስጥ ዝም ይላል፥ ሰውም መሣሪያውን ይሰድባል። መድኃኒቱ ከክዳኑ በላይ የሚወጣ አንቴና ነው። ሁለት የመዳብ ሽቦ ወይም ቀጭን ቱቦ ተቈርጦ፥ በጣውላ ላይ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፥ በመካከል ሳይነካካ ጥቂት ክፍተት ይተውለት። የእያንዳንዱ ክንድ ርዝመት 7,125ን ለጣቢያው ቍጥር በማካፈል በሳንቲ ሜትር ይገኛል፤ ለ97.1 ወደ 73፥ ለ102.1 ወደ 70 ይሆናል። ለሁሉም እንዲያገለግል ከተፈለገ 75 ይበቃል። የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ የውስጥ ሽቦ ከአንዱ ክንድ፥ የላይኛው የተጐነጐነ ሽቦ ከሌላው ክንድ ይያያዝ፤ መጋጠሚያው ዝናብ እንዳይገባበት በፕላስቲክ ይጠቅለል። ይህ ሁሉ 6 ሜትር በሚሆን የባሕር ዛፍ እንጨት ላይ ይሰቀል። የክንዶቹ ጫፍ ወደ ጣቢያው አይመልከት፤ ጎናቸው ይመልከት። አንዳንዱ ጣቢያ ሞገዱን ቁልቁል፥ አንዳንዱ አግድም ስለሚልክ ክንዶቹን አጋድማችሁም አቁማችሁም ፈትኑ። ከፍታው እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ቮልት ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል፤ ስለዚህ ሦስት ሜትር እንጨት መጨመር አንዳንዴ አዲስ ራዲዮ ከመግዛት ይሻላል።

ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ መብረቅ በደጋ ላይ እንደሚበረታ የታወቀ ነው፤ ከፍ ብሎ የቆመ ሽቦም ይጠራዋል። ደመናው ሲጠቍር፥ ነጐድጓዱ ገና ሩቅ ሳለ፥ ገመዱ ከራዲዮው ተነቅሎ ወደ ውጭ ይጣል። ነጐድጓዱ ቀርቦ ሳለ ግን ማንም አይንካው፤ ራዲዮው ይቃጠል፥ ልጅ ግን አይጐዳ። እንጨቱ ከልጆች መቀመጫ ርቆ ይተከል፥ ከአንቴናውም ወደ ምድር የተቀበረ ብረት የሚወርድ ወፍራም ሽቦ ይኑረው።

በክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ በእጅ ራዲዮ ውስጥ ያለው ባትሪ ድንጋይ ይውጣ፤ በውስጡ ሲቀር ውኃው ይፈስና መዳቡን ይበላዋል። የፀሐይ ኃይሉ መቈጣጠሪያ ሣጥን በመካከለኛ ሞገድ ላይ የሚያንጫጫ ከሆነ ራዲዮው ከእርሱ ሦስት ወይም አራት ሜትር ይራቅ። በየሳምንቱ አንድ ቀን መምህሩ ወይም ከልጆቹ አንዱ የትኛው ጣቢያ በስንት ሰዓት እንዴት እንደ ተሰማ በመዝገብ ይጻፍ፤ አንቴናው ከዞረም ወደ የት እንደ ዞረ ይጨመር። መዝገቡም መምህር ሲቀየር እንዳይጠፋ ከራዲዮው ጋር በአንድ ሣጥን ይቀመጥ።